«ክሰሺኝ» ያለችኝ ጎረቤት

እኔ ደሜ ቶሎ ይፈላል። ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ልናገር ብዬ ነው። ሰኞ በጠዋት ቢዮ አዋሌ ሄጄ ሳስተምር እሰነብትና ዓርብ ከሰዓት ድሬዳዋ እናቴ ቤት እመለሳለሁ። ያን ዓርብ ስመለስ እናቴ ጓሮ ወንበሯ ላይ፣ ፊቷን ወደ ግንብ አዙራ ተቀምጣለች። ግንቡ ደግሞ ሰኞ ስሄድ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ከዚራ ሰፈር ነው። ከጀርባችን ያለው ቤት በሩ በሌላኛው መንገድ ነው፤ ጓሯችንና ጓሯቸው ግን ይገናኛል። በመካከሉ በነበረው አሮጌ አጥር ላይ አንድ ሰው ጎኑን አዙሮ የሚያልፍበት ክፍተት ነበረ። መቼ እንደተከፈተ የሚያስታውስ የለም። እናቴና የጀርባዋ ጎረቤታችን በዚያ ክፍተት ከሠላሳ ዓመት በላይ ተመላልሰዋል። አንዷ ምስር ትለቅማለች፣ ሌላዋ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ሁለቱም ሰፈሩን ያማሉ። የእናቴ ፆም ሲሆን ጎረቤታችን ከልቧ ታዝንላታለች፤ ረመዳን ሲገባ ደግሞ እናቴ በተራዋ ከንፈሯን ትመጥላታለች። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባል የለ? እነሱ የሩቁን ዘመድ ጭራሽ ረስተውታል።

ኋላ እርጅና መጣ። እናቴን ጉልበቷ ከዳት፤ የጎረቤታችንን ዓይን ሞራ ጋረደው። ሁለቱን ብትደምሯቸው አንድ ደህና ሰው ይወጣቸው ነበር። ክፍተቱ ግን ነበረ፤ ከእናቴ ወንበር እስከ ጎረቤታችን በረንዳ አሥራ ሰባት እርምጃ ነው። በዋናው መንገድ ከሆነ ሰፈሩን መዞር፣ ቦዩን መሻገር፣ ከባጃጅ ጋር መጋፋት አለ። እናቴ ግንቡ ከተሠራ በኋላ አንድ ቀን ባጃጅ ጠርታ ነበር። ሹፌሩ የት እንደምትሄድ ሲጠይቃት «እዚህ ጀርባ» አለችው። «እማማ፣ እየቀለድሽ ነው?» ብሏት ጥሏት ሄደ።

ግንቡን የሠራው የጎረቤታችን ልጅ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የሚሠራ፣ ከእኔ ትንሽ የሚያንስ ጎልማሳ ነው። እኔና እሱ ሰላምታ ካቆምን ዓመት አልፎናል። ምክንያቱ ትልቅ እንዳይመስላችሁ። እኔ ፈተና ሳርም እሱ ስፒከሩን ጓሮ አውጥቶ ሰፈሩን ያስጨፍራል። ጮህኩበት፤ እሱም ድምፁን ጨመረው፤ በዚያው ተኮራረፍን። ስለዚህ ግንቡን እንዳየሁ አንድም አልተጠራጠርኩም፤ እኔን ለማናደድ ነው የሠራው! ልሄድበት ተነሳሁ። እናቴ በከዘራዋ መንገዴን ዘጋችው።

«አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ!» አለችኝ። «ሰው በገዛ ጓሮው ግንብ ቢሠራ አንቺን ምን አገባሽ? ጉርብትናዬን እንዳታበላሺብኝ።»

ዝም አልኩ። ለእኔ ዝም ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቁኝ ያውቁታል።

መጀመሪያ ሰሞን ሁለቱ በግንቡ ላይ ይጯጯሁ ነበር። «አባዮ! አደርሽ?» ትላለች አንዷ። «አባዮ! እንዴት ነሽ?» ትላለች ሌላዋ። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው፤ እነሱ ሲጠራሩ ከዚህ ሌላ ስም የላቸውም። ግን በጩኸት ሐሜት ይሆናል? ሰፈሩ በሙሉ እየሰማ ማንን ያማሉ? ጉሮሯቸውም አልቻለ። በሦስተኛው ሳምንት ዝም ተባባሉ። ዓርብ ስመጣ እናቴ ምሳዋን ሳትነካ አገኘኋት። «ብቻዬን ምን ይጣፍጠኛል» አለችኝ። በቀን መተኛት ጀመረች፤ እናቴ በቀን ተኝታ አታውቅም። ፈራሁ። እናቴ ዓይኔ እያየ ከእጄ የምትሄድ መሰለኝ።

እሷ «አትናገሪ» አለች እንጂ «አትክሰሺ» አላለችም። ርዕሰ መምህሩን ሁለት ቀን አስፈቅጄ ፍርድ ቤት ሄድኩ።

ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ አለ። ድሮ የምድር ባቡር ጸሐፊ ነበር። ከደጋ መጥቶ ዕድሜውን እዚህ ቢጨርስም አሁንም ሰውን ሁሉ «እርስዎ» ይላል። በእኛ ከተማ አዛውንቱንም ሕፃኑንም አንተ፣ አንቺ ነው የምንለው፤ እሱ ፊት ስቀመጥ የታመምኩ ነው የመሰለኝ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለኝና ብዕሩን ከፈተ። ነገርኩት። ስለ ስፒከሩም ነገርኩት። የስፒከሩን አልጻፈውም።

«ይህ ሁከት ይወገድልኝ የሚባለው ክስ ነው» አለኝ።

«ኧረ አቦ፣ ማንም አልተደባደበም እኮ!»

«እሜቴ፣ ሁከት ዱላ ብቻ አይደለም። ሰው ሲጠቀምበት የኖረውን መንገድ መዝጋትም ሁከት ነው።»

ደስ አለኝ። ቃሉ ራሱ አንጀቴን አራሰው። የሚያስፈልገኝን በወረቀት ጻፈልኝ፦ ከሳሽዋ ቤቱ በስሟ የሆነው እናቴ ስለሆነች የእሷ መታወቂያ ኮፒ፣ የቤቱ ካርታ ኮፒ፣ የግንቡ ፎቶ፣ የሦስት ምስክር ስም ከነአድራሻቸው፤ ክሱ ራሱ ደግሞ ከነማስረጃ ዝርዝሩ በሦስት ኮፒ። ከዚያ እናቴ ትፈርማለች።

«ተከሳሽ?» አለኝ።

«ልጁ ነዋ!»

«ቤቱ በማን ስም ነው?»

«በእናቱ።»

«እንግዲያው ተከሳሽዋ እናቱ ናቸው። ስም እስከ አያት ይንገሩኝ።»

ክው አልኩ። እናቱን መክሰስ መቼ አሰብኩ? ከዚያም የባሰው፣ ስሟን አላውቅም! በእጇ እያጎረሰች ያሳደገችኝን ሴት ስሟን አላውቅም። እኔ «እናቴ» ነው የምላት፣ እናቴ «አባዮ»፣ ልጇ በሶማሊኛ እማዬ ለማለት «ሆዮ»፣ ሰፈሩ ደግሞ «የጀርባዋ»። ጸሐፊው ብዕሩን ክዳኑ ውስጥ ከተተው። «ስም የሌለው ሰው መጥሪያ አይደርሰውም» አለኝ።

እናቴን ስጠይቃት ምን አለችኝ መሰላችሁ? «አባዮ ነዋ ስሟ!» ደግሞም ለምን እንደፈለግኩት ሳትጠይቀኝ ተመልሳ ተኛች።

ለጊዜው ምስክሮቹን ልፈልግ ብዬ ሰፈሩን ዞርኩ። ክፍተቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ግማሹ ልጅ ሆኖ ኳሱን ፍለጋ በዚያ ሲሾልክ ያደገ ነው። ግን አንዱ «ኧረ አቦ፣ እኔን በሁለት እናቶች መካከል አታስገቢኝ» አለኝ። ሌላው ካሰበ በኋላ «ቀጠሮው ጠዋት ነው ከሰዓት?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «ከሰዓት ከሆነ አልችልም» አለ። ከሰዓት ምን እንዳለበት መጠየቅ አያስፈልግም፤ ጫቱን ታቅፎ ነው የሚያናግረኝ። በዚህች ከተማ ከምሳ በኋላ እውነትን እንኳ የሚመሰክርላት የለም።

በማግስቱ ልጁ ሥራ ላይ በሚሆንበት ሰዓት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ሰፈሩን ዞሬ ጎረቤታችን ጋ ሄድኩ። በረንዳዋ ላይ ነበረች። በኮቴዬ አወቀችኝ።

«መጣሽ? አባዮ ደህና ናት?»

«አይደለችም» አልኩ። ከዚያም ደብተሬን ይዤ ቆምኩ። መዋሸት አልሆነልኝም። «እናቴ፣ ስምሽን ፈልጌ ነው። ሙሉ ስምሽን፣ እስከ አያትሽ።»

«ለምንሽ ነው?»

«ልከስሽ ነው።»

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። መሬት ብትከፈትልኝ ዘልዬ እገባ ነበር።

«ስሜን አታውቂውም?» አለች። «ወላሂ አታውቂውም? ይሄን ሁሉ ዘመን እዚህ ቤት ስትበዪ!» ክሱን አልሰማችውም መሰለኝ። ከዚያ ድንገት ሳቅ ያዛት። «ያ ረቢ! እኔስ የእናትሽን መች አውቀዋለሁ!»

አብረን ሳቅን። ሳቋ ሲያልቅ እጄን ፈልጋ ያዘችኝ።

«ግንቡን ነው የምትከሺው?»

«አዎ።»

«ፍርድ ቤት አፍርሱ ካለ ይፈርሳል?»

«ይፈርሳል።»

«እንግዲያው ክሰሺኝ» አለች።

«ምን?»

«ክሰሺኝ አልኩሽ! እኔ ልጄን አፍርስ ማለት አልችልም። ለምን አትበዪኝ፤ አልችልም። መንግሥት ካዘዘ ግን ምን ይላል? እኔም የለሁበት፣ አንቺም የለሽበት። ሃዬ፣ ጻፊ።»

ስሟን እስከ አያቷ ነገረችኝ። ተነሥታ እየዳሰሰች ከቁም ሳጥኑ መታወቂያዋን አወጣች፤ የቤቱንም ካርታ ጨመረች። «የእኔም ኮፒ ይግባ፤ ዳኛው እንዳይቸገር» አለች። ተከሳሽ ማስረጃ አሟልታ የምትሰጥበት ክስ በዓለም ላይ ይኑር አይኑር አላውቅም። ልጇ ግን በልቤ የበለጠ ጠቆረብኝ። እናቱ ቃል መናገር የምትፈራው ምን ዓይነት አውሬ ቢሆን ነው አልኩ። እዚያው ላይ ፈረድኩበት።

«ምስክር አገኘሽ?» አለችኝ ልወጣ ስል።

«ሁሉም ፈሩ።»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ? በዚያ ቀዳዳ ከእኔ የበለጠ የገባ የወጣ ማን አለ? ምስክር አድርጊኝ።»

ይህን ለጸሐፊው ስነግረው መነጽሩን አወለቀ። «እሜቴ፣ ተከሳሽ የከሳሽ ምስክር ልሁን ሲሉ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ሁለቱን አንድ ላይ መሆን አይቻልም ይበሉልኝ።» ለምስክርነት በመጨረሻ አንዲት ጡረተኛ አዋላጅና ሁለት ባለሱቆች አገኘሁ፤ ባለሱቆቹ የተስማሙት ስኳርና ዘይት ከእነሱ ነው የምንገዛው ብዬ ካስፈራራኋቸው በኋላ ነው።

ጸሐፊው ክሱን ሲጽፍ ግን እጁን ማን ይያዘው! ኮምፒዩተር ቤት አስተይቤ ለጎረቤታችን ላነብላት ሄድኩ፤ ልክ መሆኑን ልስማ ብላለችና። «ተከሳሽ በማን አለብኝነት ተነሳስተው፣ ሕግን ወደ ጎን በመተው፣ ጉልበታቸውን በመመካት…» ስል እዚያ ላይ አስቆመችኝ።

«እኔ ነኝ ይሄ?»

«አንቺ ነሽ።»

«ጉልበታቸውን በመመካት?» ከወገቧ ቀና አለች። ፊቷ በራ። «ሌላም ክፉ ነገር አለ? አንብቢው እስቲ!»

እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። የቀየረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጸሐፊው «ሃያ እርምጃ ያህል» ብሎ ነበር። «አሥራ ሰባት ነው» አለች። «ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ በቁጥር ነው የምሄደው። ፍርድ ቤት አይዋሽም።» ሄጄ አሳረምኩት።

ቅዳሜ ቀን ሦስቱን ኮፒ ይዤ እናቴ ጋ ጓሮ ገባሁ። የቀረው ፊርማዋ ብቻ ነው፤ ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት አስገብቼ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ጉዳዩን ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳት። ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ ያለውን አየች፤ ከሳሽ በሚለው ፊት ስሟን፣ ተከሳሽ በሚለው ፊት የማታውቀውን ስም።

«ይቺ ማናት?»

«አባዮ ናት።»

እናቴ ወረቀቱን እንደ ትኩስ ድስት አንሥታ ጭኔ ላይ ጣለችው። «አበድሽ? አባዮን ከስሼ በዚያ በር ልገባ? በየትኛው ዓይኔ?»

«እሷ እኮ ናት ክሰሱኝ ያለችው!»

«ብትልስ! ሰው ሆዱ ሲብስ ምን አይልም? አልፈርምም!»

ይህን ጊዜ ከግንቡ ማዶ ድምፅ መጣ። ለካ ጎረቤታችን ግንቡን ተደግፋ ስትጠብቅ ነበር። «ፈረመች?»

«እምቢ አለች!» ብዬ ጮህኩ።

«አባዮ! ፈርሚ!»

«አልፈርምም አባዮ! አፈር በበላሁ!»

«በሕግ አምላክ ፈርሚ! ካልፈረምሽ ሁለተኛ አላናግርሽም!»

«እኔን ክሰሺኝ ብለሽ ታስገድጂኛለሽ? ምን ዓይነት ሰው ነሽ!»

«አንቺስ አንድ ሰው መክሰስ የሚያቅትሽ ምን ዓይነት ሰው ነሽ!»

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሲጣሉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ በመካከል ብዕር ዘርግቼ ቆሜያለሁ። እናቴ እንባዋ ይወርዳል። እዚያ ማዶ ያለችውም ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። አንዷ ለሌላዋ ስትል ክሰሺኝ፣ አልከስሽም ይባባላሉ። ያኔ ከማዶ የወንድ ድምፅ ተሰማ። የጠዋቱ ፈረቃ አልቆ ልጁ ገብቶ ኖሯል።

«ሆዮ! ማን ነው የሚከስሽ?»

 እኔ ብዕሬን በደረቴ ያዝኩ። አንዴ ቢጮህባት ግንቡን በጥርሴ እንደማፈርሰው ማልኩ።

«ማንም» አለች እናቱ። «እኔ ነኝ ክሰሱኝ ያልኩት። ግንቡን እንዲያስፈርሱት።»

«ግንቡን አትፈልጊውም?»

እናቱ ግንቡን በመዳፏ መታ መታ ስታደርግ ሰማሁ።

«ሆዮ፣ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሌባ በጓሮ ገብቶ የጋዝ ሲሊንደሩን ከወሰደ ጀምሮ እንቅልፍ አጥተህ ነበር» አለች። «በእረፍት ቀንህ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ብቻህን ሠራኸው። ስትጨርስ ወደ እኔ መጣህ። ሆዮ፣ አሁን በሰላም ተኚ አልከኝ። ደስ ብሎህ ነበራ! አባትህ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼህ አላውቅም። ምን ልበልህ? አፍርስ ልበልህ?»

ልጁ ወደ ግንቡ ቀረበ። ሲናገር ድምፁ ወደ እኛ ዞሯል።

«እናንተስ? እናንተስ ምን ሆናችሁ? አስተማሪዋ፣ እዚያ ነሽ?»

«አለሁ» አልኩ።

«ለዳኛ ስንት ገጽ ጻፍሽ?»

«ሦስት። ከአባሪው ጋር አሥራ አንድ።»

«ለእኔ አንዲት ቃል ብትናገሪኝ ምናለ?»

ኩምሽሽ አልኩ። እውነቱን ነው። ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጫለሁ፣ ሰፈሩን በምስክር ፍለጋ ዞሬያለሁ፣ ካርታ ኮፒ አስደርጌያለሁ፤ ከእኔ በግንብ ውፍረት ብቻ የሚርቀውን ሰው ግን አላናገርኩም። ሰበቤን ፈለግኩ፤ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው።

«አኩርፌህ ነበራ» አልኩ።

«በስፒከሩ?»

«በስፒከሩ።»

«ላ ኢላሃ…» አለና ተወው። እናቴ ያን ጊዜ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ከወንበሯ ሳትነሳ ተናገረችው። «የኔ ልጅ፣ ግንቡ ግን ቆንጆ ነው። ቀጥ ያለ ነው። እጅህን ይባርከው።»

ትንሽ ቆይቶ የመዶሻ ድምፅ መጣ። «ራቅ በሉ!» አለ። እናቴን ከነወንበሯ ወደ ኋላ ሳብኳት። የሠራው በደንብ ስለነበር ለማፍረስም አስቸገረው፤ ሲራገም ይሰማናል። በመጨረሻ አንድ ብሎኬት ወደ እኛ ወደቀ፣ ከዚያም ሁለተኛው። አቧራው ሲገልጥ የመስኮት ያህል ቀዳዳ ወጣለት። እናቴ መቼ እንደተነሳች አላየኋትም፤ ከዘራዋን እንኳ አልያዘችም። በቀዳዳው አንድ እጅ ወጣ፤ አየሩን እየዳሰሰ ግራና ቀኝ ይፈልጋል። እናቴ በሁለት እጇ ያዘችው።

ልጁ መዶሻውን አንሥቶ ቆሟል። «ልቀቁ እንጂ፣ ላፍርስበት!» አለ። «ሆዮ፣ ልቀቂ! እማማ፣ አንቺም!»

ማን ሊሰማው።